«አጫውተሻቸው ነው የሄድሽ» የተባለችው ምትክ መምህርት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጅማ ነው። ከመምህራን ኮሌጅ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቋሚ ቅጥር ስላላገኘሁ መምህር ሲታመም ወይም ወሊድ ሲወጣ እየተጠራሁ በምትክነት አስተምራለሁ፤ አንዳንዴ ለሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ለወር። ሥራውን እወደዋለሁ። በተለይ ልጆች በእጃቸው የሚሠሩት ነገር አዘጋጅቼ ስገባ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ባለፈው ወር ግን ልቤ ተሰበረ። ለሦስት ሳምንት 3ኛ ክፍል ይዤ ነበር። ልጆቹ ስልሳ ናቸው። ከየቤታቸው ቡና አምጥተው በጣሳ ተከልን፤ እስክወጣ ድረስ አንድም አልበቀለም፣ እነሱም በየቀኑ እየቆፈሩ ያዩት ነበር። በሀይላንድ የውሃ ማጣሪያ ሠራን፤ ውሃው ከገባው ይልቅ ደፍርሶ ወጣ፣ ግማሹም ዴስክ ላይ ፈሰሰ። የጎን ክፍል መምህር ሁለት ጊዜ በር አንኳኩቶ «እህቴ፣ ፈተና ላይ ነን እኮ» አለኝ። የክፍሉ መምህርት ከሕመም ፈቃድ ስትመለስ ደብተር ሰብስባ አየችና ስታፍ ውስጥ ሰው እየሰማ «አንቺ እኮ አጫውተሻቸው ነው የሄድሽ፣ ደብተራቸው ባዶ ነው» አለችኝ። ምክትል ርዕሰ መምህሩም «ከእንግዲህ ኖት እያስጻፍሽ ብትቆዪ ይሻላል» አሉኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ትምህርት ቤት ለአራት ሳምንት 2ኛ ክፍል እንድይዝ ተጠርቻለሁ። እናቴ «ቋሚ እስክትሆኚ አንገትሽን ደፍተሽ ኖትሽን አስጽፊ» ትለኛለች። ማታ ማታ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ይህን ሁሉ የማደርገው ልጆቹ እንዲማሩ ነው ወይስ እንዲወዱኝ? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ ምትክ መምህርት፣ ከጅማ

ውድ እህታችን፣

ሰው በተሰበሰበበት የተነገረ ወቀሳ ከወቀሳው በላይ ያማል። ለምትክ መምህር ደግሞ ይብሳል። ቋሚው መምህር በማግስቱ ተመልሶ ሥራውን ያሳያል፤ አንቺ በዚያው ቀን ቦርሳሽን ይዘሽ ስለምትወጪ የመጨረሻዋ ቃል አብራሽ ትሄዳለች። ማታ ማታ የምታንገላታሽም እሷ ትመስለናለች።

እስቲ የመምህርቷን ቃል አብረን እናበጥረው። «አጫውተሻቸው» መባሉ ተገቢ አይደለም። «ደብተራቸው ባዶ ነው» የሚለውስ? በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በእጃቸው የሠሩትን ነገር ደብተራቸው ላይ ያሰፈሩበት ስንት ቀን ነበር? ይህን የምንጠይቅሽ ልንወቅስሽ አይደለም። ያቺ መምህርት ከሕመሟ ተነሥታ ስትመጣ ሱፐርቫይዘር፣ ወላጅና ቴስት ይጠብቋታል። እሷ በሌለችበት ክፍሉ ውስጥ ምን እንደተደረገ የሚነግራት ደብተሩ ነው፤ እሱን ገልጣ ምንም ስታጣ ደነገጠች። የተናገረችበት ቦታና አነጋገሯ ልክ አልነበረም፤ ድንጋጤዋ ግን ምክንያት ነበረው።

የእናትሽ ምክር እንጀራሽ እንዳይቋረጥ ከመስጋት የመጣ ነውና አትቀየሚያት። ነገር ግን አራት ሳምንት ሙሉ ኖት ማስጻፍ አንቺንም ልጆቹንም ይጎዳል። አንድ ምሳሌ ውሰጂ። የ2ኛ ክፍል ልጅ «42 ሲቀነስ 17» የሚለውን ከሰሌዳ ገልብጦ 35 ብሎ ይመልሳል። ከ7 ላይ 2፣ ከ4 ላይ 1 ቀንሶ ነው፤ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን መቀነስ እንጂ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀነስ አልገባውም። ሃያ ጊዜ ቢገለብጥ ሃያ ጊዜ 35 ይላል፤ ደብተሩ በጽሑፍ ተሞልቶ ስህተቱም አብሮት 3ኛ ክፍል ይገባል። ይህን ልጅ የሚያድነው አንቺ የምትወጂው ዓይነት ሥራ ነውና አትተዪው። መቀየር ያለበት የምትመርጪው ሥራና የምትዘጊበት መንገድ ነው።

በመጀመሪያ የከሸፉትን ሁለቱን እንይ፤ ሁለቱም የከሸፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቡና ለመብቀል ትዕግሥት የሚጠይቅ ዘር ነው። ደህናው ዘር እንኳ ከአፈር ብቅ እስኪል አንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ከቤት የመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመጠጥ የደረቀና የቆየ ነው፤ የቆየ የቡና ፍሬ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፣ የተቆላው ከነጭራሹ አይበቅልም። በሦስት ሳምንት ምንም አለመታየቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ለጅማ ልጅ ቡና መትከል ምን ያህል ደስ እንደሚል ይገባናል፤ ግን ዓመቱን ሙሉ አብሯቸው ለሚሆን መምህር የሚስማማ ሥራ ነው። በአራት ሳምንት ውስጥ ፍሬ እንዲያዩ ከፈለግሽ ቦሎቄ ይሻላል። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረሽ፣ በሚያሳይ ብርጭቆ ግድግዳና በእርጥብ ጥጥ መካከል ሰክተሽ ብታስቀምጪው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ልጆቹም ሳይቆፍሩ ያዩታል። ጥጡ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር፤ በውሃ የተዋጠ ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ ከጀመርሽ በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ትዘጊዋለሽ።

ማጣሪያው የደፈረሰው ደግሞ አሸዋው ስላልታጠበ ይመስለናል። ከመንገድ ዳር የተነሣ አሸዋ ውስጡ አቧራና ሸክላ አለበት፤ ውሃው ሲያልፍበት ያንን ጠርጎ ይዞት ይወርዳል። በባልዲ ውሃ እየለወጥሽ፣ ከላዩ የሚደፋው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ እጠቢው፤ አምስት ስድስት ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። ሀይላንዱን ቤትሽ ቁረጪና ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኚው። የላይኛውን ግማሽ ክዳኑን አውልቀሽ በታችኛው ላይ ገልብጠሽ አስቀምጪ። አንገቱ ውስጥ ጥጥ ጠቅጠቅ አድርጊ፣ በላዩ 5 ሴንቲሜትር ደቃቅ አሸዋ፣ ከዚያ 3 ሴንቲሜትር ሸካራ አሸዋ፣ ከሁሉ በላይ 3 ሴንቲሜትር ጠጠር። የደፈረሰውን ከማፍሰስሽ በፊት አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ አሳልፊበት። ይህን ሥራ ስልሳ ልጅ በቡድን አይሠራውም። አንድ ማጣሪያ ፊት ለፊት አቁመሽ ሁለት ልጆች ቀስ እያሉ ያፍስሱ፣ የቀሩት ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሆን ገምተው ይጻፉ። አደራ፣ የጠራው ውሃ እንደማይጠጣ ደጋግመሽ ንገሪያቸው። አሸዋ ጭቃውን ይይዛል እንጂ በዓይን የማይታየው ተሕዋስ ያልፋል፤ ማፍላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለምትክ መምህር አንድ መለኪያ እንስጥሽ፦ ሥራው በተከፈተበት ክፍለ ጊዜ ይዘጋ፣ ሲዘጋም ደብተር ላይ ምልክት ይተው። ቦሎቄው ከዚህ የሚወጣው ማብቂያው ስለሚታወቅ ነው፤ ለእሱም በየቀኑ አንድ መስመር ማስታወሻና ትንሽ ሥዕል ይኑረው።

ለ2ኛ ክፍልሽ ቀድመን የምንመክርሽ የስንደዶ ጥቅል ነው። ገበያ ወርደሽ ስንደዶ ግዢ፣ ካጣሽ ደረቅ የሳር አገዳም ይሆናል፤ በ10 ሴንቲሜትር ቁረጪው። አዲሶቹ ልጆችሽም ስልሳ ቢሆኑና በአንድ ዴስክ ሦስት ቢቀመጡ ሃያ ዴስክ አለሽ። የፊተኛው ዴስክ ልጆች ወደ ኋላ ሲዞሩ ስድስት ስድስት ልጅ ያለበት አሥር ቡድን ይሆናል፤ አንድም ዴስክ አይጎተትም። የጎን ክፍል መምህሩን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ዴስክ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት የሚያወጣው ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ስንደዶና 5 ላስቲክ ይበቃል፤ በጠቅላላው 500 ስንደዶና 50 ላስቲክ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ትንሽ ጨምሪበት። ላስቲክ ወዲያው ወንጭፍ ስለሚሆን ቆጥረሽ ስጪ፣ ቆጥረሽ ተቀበይ።

በሥራው የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ አሥር አሥሩን እየቆጠሩ ይጠቅልሉ፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ። ከዚያ ቡድኖቹ ጥቅል ተለዋውጠው የሌላውን ይቁጠሩ፤ ዘጠኝ ወይም አሥራ አንድ ያለበት ጥቅል ሁሌም አይጠፋም፣ እሱ ካልተስተካከለ የነገው ስሌት በሙሉ ይበላሻል። በሁለተኛው ቀን ለየቡድኑ ለሁለት የተከፈለ ወረቀት ስጪ፤ ግራው የአሥር ቤት፣ ቀኙ የአንድ ቤት። 42ን ያስቀምጡ፦ አራት ጥቅልና ሁለት ነጠላ። አሁን 17 ይውሰዱ። ከሁለት ነጠላ ላይ ሰባት ማንሣት አይቻልም፤ የሚያደርጉት አጥተው ዝም ይላሉ። ዝምታውን ቶሎ አትስበሪባቸው፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። አንዱ ልጅ «እንፍታው» ይላል። አንድ ጥቅል ተፈትቶ ወደ አንድ ቤት ሲሄድ አሥራ ሁለት ነጠላ ይሆናል፤ ሰባት ይነሣል፣ አምስት ይቀራል። ከቀሩት ሦስት ጥቅሎች አንዱ ይነሣል። 25።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ጠብቂ። አራት ጥቅልና ሁለት ነጠላ አይቶ «ስድስት ነው» የሚል ልጅ አለ፤ ለእሱ ጥቅል አንድ ነገር ነው፣ ፈትተሽ አብረሽው ቁጠሪ። ሌላው ጥቅሉን ይፈታና ስንደዶውን እዚያው የአሥር ቤት ላይ ይተወዋል። «ከተፈታ ቤቱን ይለቃል» በዪና ራሱ ያሻግረው። ከስንደዶው በኋላ ያንኑ ስሌት በቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉ፤ አራቱ ተሰርዞ ሦስት የሚጻፈው ለምን እንደሆነ ያኔ እጃቸው ያውቀዋል።

ሰዓቱንም እንዲህ ብትከፍዪው 40 ደቂቃው ይበቃል፦ 5 ደቂቃ ማብራሪያ፣ 2 ማደያ፣ 15 ሥራ፣ 3 መሰብሰቢያ፣ 12 ደብተር፣ የቀረው 3 ደቂቃ ለሚዘገዩት። ማብራሪያው እጃቸው ባዶ ሳለ ይለቅ። ስንደዶ ከያዘ በኋላ የሚሰማሽ ልጅ የለም። በ12ቱ ደቂቃ ቀይ እስኪብርቶ ይዘሽ ተዘዋወሪ፤ ሁሉንም ባታርሚ እንኳ ፊርማሽና ቀኑ በየደብተሩ ይኑር።

ለቅርጽ ትምህርት ደግሞ ጅማ ውስጥ ሆነሽ በርጩማን ማለፍ ያሳዝናል። ለየቡድኑ ብርቱካን የሚያህል የሸክላ ጭቃና አምስት ስድስት ሴንቲሜትር የሚሆኑ ሰባት እንጨቶች ስጪ፤ ጭቃውን ለሁለት ከፍለው ባለ ሦስት እግርና ባለ አራት እግር በርጩማ ይሥሩ። ሁለቱንም ወጣ ገባ በሆነ ነገር ላይ ሲያስቀምጡ ባለ አራቱ ይንገዳገዳል፣ ባለ ሦስቱ ዘንበል ቢልም አይንገዳገድም፤ ሦስት ጫፎች ምንጊዜም አንድ ላይ መሬት ይነካሉ። እግሮቹ መሐል ላይ ከተጠጋጉ ግን ይወድቃል፤ ወደ ዳር ይሰኩ። ጭቃውን ማታ አቡክተሽ በፌስታል ጠቅልለሽ አሳድሪው፤ የላላ ጭቃ እግር አይሸከምም። በድንች መሥራት ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ባለበት ክፍል ምግብ መጫወቻ ባይሆን እንመርጣለን።

ለልኬት የአንድ ሜትር ሲባጎ በቂ ነው። በየ10 ሴንቲሜትሩ በእስኪብርቶ ምልክት አድርጊበት፤ ቋጠሮ አታድርጊ፣ ቋጠሮ ገመዱን ያሳጥረዋል።

እነዚህን ሁሉ ስትሠሪ ቤቱ የአፋን ኦሮሞ የሆነ ልጅ አይጥፋሽ። ውሃውን እያየ «ቢሻን» ቢልሽ አውቋል ማለት ነው፤ ተቀብለሽ «አዎ፣ ውሃ» በዪና አብሮሽ ይድገመው። ዕቃው በእጁ ሲሆን ቃሉን ቶሎ ይይዘዋል።

ስለ ጩኸቱ፦ ስልሳ ልጅ ሲሠራ ጉምጉምታ አይቀርም፣ ጩኸት ግን ይቀራል። በየቡድኑ አንድ ልጅ ብቻ ተነሥቶ ዕቃ ይውሰድ፣ ይመልስ። ለጸጥታ ምልክት አንቺ በምት ታጨበጭቢያለሽ፣ እነሱ ያንኑ ይመልሱና እጃቸውን ያጣጥፋሉ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ያለ ምንም ዕቃ አለማምጃቸው። ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ ድምፅሽም ጭብጨባሽም አይሰማም፤ ለዚያ ቀን እጅ ማንሣትን ምልክት አድርጊ። እንዲያውም ቃል በማይሰማበት ሰዓት የስንደዶ ሥራ ከገለጻ ይሻላል።

ሰኞ ከመግባትሽ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ በዪና ምክትል ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪ። የምትጠይቂው ሦስት ነገር ነው፦ የክፍሉ መምህርት የትኛው ገጽ ላይ አቆመች፣ በአራት ሳምንት የት እንድደርስ ይጠበቃል፣ የጎን ክፍሎች ቴስት የሚፈተኑት መቼ ነው። ከዚያ «በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የእጅ ሥራ ልጨምር አስቤያለሁ፣ ደብተራቸው ላይም ይሰፍራል» በዪያቸው። አስቀድሞ የሰማ አለቃ ኋላ አይደነግጥም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምንም የእጅ ሥራ ባትጀምሪ ጥሩ ነው፤ ስም ለዪ፣ ደብተር አገላብጪ፣ ማን የት እንደተቸገረ እዪ። ከተቻለ መምህርቷንም ደውለሽ ጠይቂያት፤ ክፍሉ የእሷ ነውና ማክበርሽን ትወድልሻለች።

አሁን ወደ ማታው ጥያቄሽ። ለመማራቸው ነው ወይስ ለመወደድ? ሁለቱ አብረው ቢኖሩ ምን ችግር አለው? ልጅ የሚወደውን መምህር ይሰማል። ግን ጥያቄው ደጋግሞ ከመጣብሽ መለያ መንገድ አለ። ከሥራው በኋላ አምስት ልጆች ለይተሽ ያለ ስንደዶ «53 ሲቀነስ 28» ስጪያቸው። 25 ካሉሽ ተምረዋል። 35 ካሉሽ ደስታ ብቻ ነበር፤ በማግስቱ ያንኑ ስንደዶ ይዘሽ ትመለሻለሽ፣ ሌላ አዲስ ነገር አትጀምሪም። አዲስ ነገር ቶሎ ቶሎ የምታመጪው እነሱ እንዳይሰለቹ ነው ወይስ አንቺ የ«እሰይ!» ድምፃቸውን እንዳታጪ? ይህን ለራስሽ ብቻ መልሺው።

ያቺን መምህርት በተመለከተ፣ ይቅርታ ጠይቂያት ወይም ተከራከሪያት አንልሽም። ያው አንድ ከተማ ውስጥ ናችሁ፣ አንድ ቀን መገናኘታችሁ አይቀርም። ቢቀናሽ ብቻዋን አግኝተሽ «ደብተሩ ላይ ያልሽው ልክ ነበር፣ አሁን እያስጻፍኩ ነው። ሰው ፊት መናገርሽ ግን ከፍቶኝ ነበር» በያት። ከዚህ አታርዝሚው። ባትፈልጊ ደግሞ መተውም መብትሽ ነው።

የአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ርክክቡን አዘጋጂ፤ ዓርብ ግርግር ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በየትምህርቱ የደረሳችሁበትን ገጽ፣ የሠራችኋቸውን የእጅ ሥራዎች ከነቀናቸው፣ አሁንም የሚቸገሩትን አምስት ስድስት ልጆች ስምና የተቸገሩበትን ነገር ጻፊ። ስንደዶውን በአሥር በአሥር እንደተጠቀለለ በካርቶን አድርገሽ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነና ብዛቱን ጽፈሽ ለክፍሉ ተዪላቸው። የወረቀቱን አንድ ቅጂ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ስጪ፣ ሌላውን አንቺ ዘንድ አስቀሪ፤ ቋሚ ቅጥር ስትጠይቂ ከምስክር ወረቀትሽ ጋር አያይዘሽ የምታቀርቢው ይሆንሻል።